ዳኮታዋ በ1 ለ72፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 11፣ ቅዳሜ

የሞዴል አውሮፕላኔ ሳጥን ዛሬ ተከፈተ። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ በነርሷ ጓደኛችን ቤዝመንት፣ እንደ ልማዳችን አራታችንም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠናል። እሷ የኢትዮጵያ አየር ኃይልን ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት በ1 ለ48 ልክ እየሠራች ነው። እዚሁ አገር የተወለደው ወጣቱ ጓደኛችን ፕላስቲክ ዕቃ በሚያትም ማሽኑ (3ዲ ፕሪንተር) ትንንሽ ዕቃ እያተመ ያመጣልናል። ጋሼ በጠረጴዛው ራስ ላይ ናቸው። ቦሌ ሃንጋር ውስጥ በዲሲ-3 ላይ የሠሩ መካኒክ ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሙጫ አይነኩም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ግን በእሳቸው ዓይን ሳያልፍ አይቀርም።

የኔ ሥራ ሲ-47 ናት፤ የዲሲ-3 የጦርነት ጊዜ እህት፣ እንግሊዞች ዳኮታ ያሏት። ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ጥቁርና ነጭ ሽንትር የተቀባችውን፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲዋን ያሳያል። እኔ የምሠራው ሌላዋን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራ የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ አምስት ሲ-47ዎች ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። ያኔ ተሳፋሪው የሚቀመጠው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ በተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ጭነቱ መሐል ለመሐል ታስሮ ይቀመጣል። ከውጭ የተነሳ የሚያብረቀርቅ ፎቶ ሞልቷል። እኔን የያዘኝ ሆዷ ነው። የጭነት በሯን ከፍቼ ውስጧን ማሳየት፣ ሥራ ላይ የዋለች አውሮፕላን ማድረግ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ሒሳብ። የእውነተኛዋ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ነው፤ ለ72 ሲካፈል 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቷ 27 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በእውነቱ 7.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህችን ቁጥር ጽፌ መብራቱ ሥር ለጥፌአታለሁ።

ፕላስቲኩን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቤ አሰጣሁት። ከፋብሪካው ቅርጽ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት ካልታጠበ ቀለም አይይዝም። አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት መጨመር አያስፈልግም፤ ዳኮታ በጅራቷ ጎማ ላይ ተቀምጣ ሰማይ የምታይ አውሮፕላን ናት።

መስከረም 18፣ ቅዳሜ

ወንበሩ። ከሳጥኑ የወጣው አግዳሚ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ72 ሲባዛ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ይህ የጭቃ መደብ እንጂ የአውሮፕላን ወንበር አይደለም። ወጣቱ ጓደኛችን በ0.4 አትሞ አመጣ፤ ሲደርቅ እንደ ብስኩት ጫፉ ተጠቀለለ። ደግሞ አተመ፤ ያው ሆነ።

መላው የተገኘው ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮው ጎን በጣም ስስ ነው፤ በመቀስ ይቆረጣል። ወንበሩ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ታጣፊ የብረት ወንበር ስለነበር፣ ቁራጩን ላጲስ ላይ አስቀምጬ በእስክሪብቶ ጫፍ እየተጫንኩ የእያንዳንዱን ተሳፋሪ መቀመጫ አወጣሁ። እግሩ ከቀጭን ሽቦ ተሠራ። አንዱን ጎን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ግድግዳው ላይ ሳስደግፈው ነርሷ ከወንበሯ ተነስታ መጥታ አየችው፤ ምንም አላለችም፣ አጉሊ መነጽሯን አውልቃ ሰጠችኝ።

የውስጡን ግድግዳ በጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ አውሮፕላኖች ውስጣቸው ይቀባ በነበረው ፀረ ዝገት አረንጓዴ ቀባሁት። ኮክፒቱ ውስጥ የአዛዡ ወንበር በግራ ነው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የዚህ ዓይነት አውሮፕላን አዛዥ ሆነው ሲበሩ፣ በንግድ አየር መንገድ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበሩ። የግራውን ወንበር ቀበቶ ከስስ ወረቀት ቆርጬ፣ ዘለበቱን በብር ቀለም ነጥብ ነጥብ አድርጌ ሠራሁት። ግንዱ፣ ማለትም የአውሮፕላኗ አካል፣ ከተዘጋ በኋላ በመስታወቱ በኩል በግድ ነው የሚታየው። መኖሩን እኔ አውቃለሁ።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

ጆንያ። ሁለት ክፍሎቹን ቀላቅለው እንደ ሊጥ የሚያቦኩት ስቱኮ አለ፤ በሰዓታት ውስጥ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። 60 ኪሎ ቡና የያዘ ጆንያ አንድ ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ 12 ሚሊ ሜትር አድርጌ አድቦለቦልኩ። ገና እርጥብ ሳለ ነርሷ ባመጣችው የቁስል ፕላስተር ጨርቅ ተጫንኩት፤ ሽመናው ላዩ ላይ ቀረ። አፉን በወረንጦ ቆንጥጬ የተሰፋ አስመሰልኩ። አሥራ ሁለት ጆንያ ወጣ።

ጋሼ አንዱን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት። «የጅማ ነው?» አሉ። ከዚያ ጅማ፣ ጎሬ፣ ደምቢ ዶሎ እያሉ የሜዳውን ስም ጠሩ። ሜዳው ሳር ነበር፣ ከማረፋቸው በፊት ከብት የሚያባርር ሰው ይቆም ነበር፣ ቡናውም ቆዳውም በእሷ ነበር የሚወጣው። ያን ምሽት ብዙ አልሠራሁም።

ጆንያዎቹን በነጭ ኮላ ወለሉ ላይ አጣበቅኋቸው። በተከፈተው በር በኩል በደንብ እንዲታዩ በሩ አጠገብ ደረደርኳቸው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ግንዱ ተዘጋ። ታሚያ የተባለውን ቀጭን የሞዴል ሙጫ በብሩሽ ጫፍ ስፌቱ ላይ ሳስነካው በራሱ እየተሳበ ይገባል፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ጫን ሲያደርጉት የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ክር ብቅ ይላል። ያ ክር ከወጣ ስቱኮ አያስፈልግም። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል፦ 400፣ 600፣ 1000፣ ከዚያ በውሃ 2000። ብረት ቀለም የሚቀባ ሰው እዚህ ላይ ሰነፍ ከሆነ ቀለሙ ያጋልጠዋል።

ያስቸገረኝ ክንፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። በቀኝ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቀረ። መብራቱ ሥር የለጠፍኳትን ቁጥር አየሁ፤ 7 ሴንቲ ሜትር። በዚያ ክፍተት የሰው እጅ ይገባል። ስቱኮ ሲደርቅ ይሸሻል፣ በኋላም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ በልኩ ሞርጄ ወተፍኩበት። ከመሰካቴ በፊት ስድስት ጊዜ ለክቼ ስድስት ጊዜ ሞረድኩት።

በጉዳዩ ላይ ሳለሁ፦ በየላሜራው መጋጠሚያ ጥቁር ቀለም ማፍሰስ አልወድም። የ0.3 ሚሊ ሜትር መስመር በእውነቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ላሜራ ከላሜራ ተነባብሮ በሪቬት በተመታ አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ቦይ የለም። ለጥላው ቀጭን ግራጫ ካገኘ ይበቃዋል።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት በሞተሩ ላይ ሄደ፤ አልቆጨኝም። ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-1830፤ 14 ሲሊንደር፣ ሰባት ከፊት ሰባት ከኋላ በክብ የተደረደሩ፣ 1200 የፈረስ ጉልበት። በእኔ ልክ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ ዳይም (የአሜሪካ አሥር ሳንቲም) ትንሽ ያንሳል።

እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው። የኋላውን ረድፍ ትቼ የፊተኞቹን ብቻ ብሠራ እንኳ በአንድ ሞተር 14 ሽቦ፣ በሁለቱ 28 ነው። ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ ፀጉር የሚያክል መዳብ መዝዤ አወጣሁ። በስቴኪኒ ጫፍ የሙጫ ነጥብ፣ በወረንጦ ሽቦው፣ ትንፋሽ ያዝ፣ ልቀቅ። ከዚያ የሚቀጥለው። በቀን ከስድስት በላይ ስሞክር እጄ ይሰንፋል፤ ስለዚህ ስድስት ላይ አቆማለሁ።

ሲሊንደሮቹን ጥቁር ቀብቼ፣ ቀለሙ ከሞላ ጎደል የተጠረገ ደረቅ ብሩሽ በብረት ቀለም አሳለፍኩባቸው፤ ማቀዝቀዣ ክንፎቻቸው አንድ በአንድ ወጡ። ለጋሼ ሳሳያቸው አጉሊ መነጽሩን ይዘው ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ፦

«ሁሉንም እኩል አድርገህ አደረቅሃቸው። ሌሊት ስትቆም ዘይቱ ወርዶ የታችኞቹ ውስጥ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ጠዋት ሞተር ሳይነሳ በፊት ፕሮፔለሩን በእጃችን የምናዞረው። ዘይት አይጨመቅማ! ሳታዞር ካስነሳህ ውስጡ ይሰበራል። የታችኞቹ ሁልጊዜ ርጥብ ናቸው።»

የታችኞቹን ሲሊንደሮች ቡናማ በተቀላቀለበት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነካ ነካ አደረግኋቸው። አንድ ጠብታ ከታች እንድትንጠለጠል ተውኳት። ሞተሩ አሁን የተነሳና የቆመ መሰለ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ቀለም። ብረቱ እንዲያብረቀርቅ ከሥሩ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ጥቁር ይቀባል፣ በላዩ አሉሚኒየሙ በጣም ስስ ሆኖ በመርጫ ይነፋል። ከበዛ ግራጫ ይሆናል፤ ካነሰ ጥቁሩ ያሸንፋል። አንዳንዱን ላሜራ በፕላስተር ከልዬ ትንሽ ጠቆር፣ ሌላውን ነጣ አድርጌ ነፋሁ፤ የእውነተኛ አውሮፕላን ላሜራ ሁሉ አንድ ዓይነት አያበራም። ከአፍንጫ እስከ ጅራት ስትታይ ወንዝ ላይ ያረፈ ብርሃን መሰለችኝ። ይዣት ስሄድ መኪናዬን እንዴት ቀስ አድርጌ እንደነዳሁ!

ጋሼ ብዙ አላዩም። ጣታቸውን ክንፉ ጫፍ አጠገብ፣ ከኋላ ጠርዙ ባለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ላይ አደረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አይለሮኑ ነው፣ ጋሼ።»

«አይለሮን መሆኑንማ አውቃለሁ። ከምን ሠራኸው ነው የምልህ።»

አልገባኝም።

«ላሜራ አድርገኸዋል። እሱ ሸራ ነው። ይሄ፣ ይሄ፣ ኋላም መሪው።» አይለሮኖቹን፣ የጅራቱን አግድም ተንቀሳቃሾች፣ የቁሙን መሪ በተራ ነኩ። «በጣትህ መታ ስታደርገው እንደ ከበሮ ይመልስልሃል። ሲቀደድ በመርፌና በክር ሰፍተን፣ ላዩ ላይ ሸራ ለጥፈን ዶፕ የሚባለውን ሸራ መወጠሪያ ቫርኒሽ እንቀባው ነበር። እኔ የሰፋሁትን ላሜራ ታደርግብኛለህ?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። በፎቶ ያየሁት ነገር ነው፤ እነዚያ ክፍሎች ሁልጊዜ ደብዘዝ ብለው ነበር፣ እኔ የብርሃን ጉዳይ አድርጌው አልፌዋለሁ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ዋሽንግተን፣ ብሔራዊ የአየርና የሕዋ ሙዚየም ሄድኩ። የኢስተርን አየር መንገድ የነበረች ዲሲ-3 ከጣሪያው ተንጠልጥላለች። ከታች ቆሞ ሆዷን፣ ከላይኛው ፎቅ ደግሞ ክንፏን ማየት ይቻላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ያየሁት አይለሮኑን ብቻ ነው። የክንፉ ማብረቅረቅ ማጠፊያው ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የተቀባ ብር ነው፣ የደበዘዘ፣ ከሥሩ የአጥንቶቹ መስመር በስሱ የሚታይ። ጋሼ ከሃምሳ ዓመት ትዝታ የተናገሩት ከጭንቅላቴ በላይ ተሰቅሎ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ብረቱን በፕላስተር ከለልኩና ተንቀሳቃሾቹን ሁሉ በደብዛዛ ብር ነፋሁ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግን አሁን አውሮፕላኗ ከሁለት ነገር የተሠራች መሆኗ ይታያል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ጉዳት። ብረቱን ለመጠበቅ ላዩ ላይ ቫርኒሽ ነፋሁ፤ ውጪ ዝናብ እየጣለ፣ ጋራዡ እየበረደ። ቸኩዬ ነው። ዕረፍት ቀን አልነበረም፣ የቅዳሜው ስብሰባ ሳይደርስ ልጨርስ ብዬ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክንፉ ላይ ወተት የፈሰሰ መሰለ። ቲነሩ ሲተን ቀለሙን ያቀዘቅዘዋል፣ በአየሩ ያለው እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ቫርኒሹ ውስጥ ተያዘ። ልቤ ቁርጥ አለ። መብራቱን አጥፍቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ነርሷ እንዳየችው «አትፋቀው፣ ቆይ» አለች። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር አመጣች፤ ሌላ ምንም ሳይቀላቀልበት በስሱ ብቻውን ሲነፋ የላይኛውን ቫርኒሽ መልሶ ያለሰልሰዋል፣ የታፈነው እርጥበትም ይወጣል። በደረቅና ሞቅ ባለ ክፍል ግንዱ ላይ ሞከርነው። ነጩ ዓይናችን እያየ ጠፋ። ግራው ክንፍም ዳነ። ቀኙ ግን መጀመሪያ አብዝቼ የነፋሁበት ስለነበር አልመለስ አለ፤ በአልኮል እስከ ፕላስቲኩ ድረስ አጠብኩትና ጥቁሩን፣ ብረቱን፣ ሸራውን እንደገና ጀመርኩ። አራት ቀን ወሰደ። የቀኙ ክንፍ አሁን ከግራው ትንሽ ነጣ ይላል። እንዲያ ይኑር፤ በሥራ ላይ ያለች አውሮፕላን ክፍሏ ይቀየራል።

ከዚህ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ ሰቅያለሁ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

መስመሩ። በያዝኩት ፎቶ ላይ ከመስኮቶቹ ሥር የሚሄደው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የወረቀት አታሚ ማሽናችን ነጭ ቀለም የለውም፤ በውሃ በሚለጠፍ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት የታተመ ቢጫ ብረት ላይ ሲለጠፍ ይሞታል። ስለዚህ የምዝገባ ፊደላቱን ብቻ፣ ጥቁር ስለሆኑ፣ አትመን በውሃ ለጠፍናቸው። መስመሩ በቀለም ሆነ።

የእያንዳንዱ ቀለም ስፋት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ፕላስተሩን መስታወት ላይ ዘርግቼ በአዲስ ምላጭ ሰነጠቅሁት፤ ምላጩ ከሦስት ቁራጭ በኋላ ይቀየራል። መጀመሪያ በጠቅላላው ስፋት ነጭ፣ በላዩ ቢጫ፤ ቢጫው በፕላስተር ይከለላል፣ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ቀይ። ከእያንዳንዱ ቀለም በፊት የፕላስተሩን ጠርዝ በቫርኒሽ ማሸግ ያስፈልጋል፤ የሚሾልክ ነገር ካለ ቫርኒሹ ይሹለክ።

ፕላስተሩን ስልጠው አራታችንም ቆመን ነበር። ቀስ ብዬ፣ ወደ ራሱ አጥፌ ሳብኩት። አፍንጫዋ አጠገብ አንዲት ቀይ ነጥብ ሾልካ ቢጫው ውስጥ ገብታለች፤ በስቴኪኒና በቲነር ጠረግኋት። የቀረው እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ቆሻሻው ላይ ዛሬ ጋሼ አዛዥ ነበሩ። እኔ ዘይቱን ከሞተሩ ቤት ወደ ታች አወርደው ነበር። «ስትበር ነፋሱ ወደ ኋላ ነው የሚስበው፤ ወደ ታች የሚንጠባጠበው ስትቆም ነው» አሉ። ስለዚህ ረጃጅም ቡናማ ጅረቶች ክንፉ ሥር ወደ ኋላ፣ ትንንሽ ጠብታዎች ደግሞ ቀጥ ብለው ወደ ታች። የዘይት ቀለም ነጥብ አድርጌ፣ ቲነር በነካው ጠፍጣፋ ብሩሽ እጎትታለሁ፤ የማትወደውን መልሰህ ማጥፋት ትችላለህ።

አቧራው ከቾክ ተፍቆ የተሠራ ነው፤ ለጎማዎቹ፣ ጎማዎቹ ለሚገቡበት ጉድጓድና ለጅራቱ ሥር። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት አዲስ አበባ የሚያርፉት ልደታ ሜዳ ነበር። የክፍለ ሀገሩን ሜዳማ ጋሼ ነግረውናል። ጎማው የሚያስፈነጥረው ጠጠር የጅራቱን ክንፍ ፊት እንደሚመታው ስለነገሩኝ፣ እዚያ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ነጥቦች አደረግሁ። ከላይ በኩል ንጹሕ ትታያለች። ገልብጦ ያየ ሰው ግን የት የት እንደዋለች ያውቃል።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

አየር መንገዱ የተቋቋመበት ዕለት ነው፤ ሆን ብለን ለዛሬ አደረስናት። ነርሷ ቡና አፈላች። የቀረው የጭነት በሩን ማጣበቅ ብቻ ነበር።

ጋሼ ፕሮፔለሩን በጣታቸው ሁለት ዙር አዞሩት። ከዚያ ባትሪ አብርተው፣ በተከፈተው በር አጎንብሰው ውስጥ አዩ። ወንበሩን አዩ። ቆዩ።

«ማን ነው የጫናት?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አሥራ ሁለት ጆንያ በሩ ላይ። ሰባት መቶ ሃያ ኪሎ። ሁሉም ከክንፉ ኋላ። ጅራቷ ይከብዳታል፣ ልጄ፤ እንዲህ ተጭና ብትነሳ አፍንጫዋን መመለስ አትችልም። ጭነት በበሩ ይገባል እንጂ በሩ ላይ አይቀርም፤ ወደ ፊት ገፍተህ ክንፉ ላይ ነው የምታስረው።»

እንዲታዩ ብዬ በሩ አጠገብ የደረደርኳቸው መስከረም ላይ ነው። አሁን ግንዱ ተዘግቷል፣ ተቀብቷል። ደግነቱ ነጭ ኮላ በውሃ ይለሰልሳል። ለብ ያለ ውሃ በቀጭን ብሩሽ ጠብ ጠብ አድርጌ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ነርሷ ከሆስፒታል ትምህርት ጊዜዋ ያስቀረችውን ረጅም ወረንጦ ሰጠችኝ፤ ወጣቱ ባትሪውን በመስኮቱ በኩል ያዘልኝ። አንድ በአንድ ተላቀቁ። እያንዳንዳቸውን 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ፊት ገፋኋቸው፤ በእውነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በላያቸው ከሲባጎ ክር መዝዤ ማሰሪያ አሳለፍኩ።

አሁን በበሩ ሲታይ ፊት ለፊት ባዶ ወለል ነው፤ ጆንያዎቹ ውስጥ ገባ ብለው፣ ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ግማሽ ጎናቸው ይታያል። ወለሉ ላይ የነበሩበት ቦታ የኮላ ምልክት ቀርቷል። ላጸዳው ብሩሽ ሳነሳ ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«እሱን ተወው። ጭነት የወረደበት ወለል እንዲያ ነው።»

ተውኩት። በሩን እንደተከፈተ አጣበቅሁት።